ከውርጩ ወርደን አራት ቀን፦ ጅቡቲ ለአጭር ዕረፍት እንዴት ናት?

«ጅቡቲ ደግሞ ለመዝናናት ይኬዳል እንዴ?» ያላለኝ ሰው የለም። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም፣ ዳቦ ቤት ያለችው ልጅም ጠይቃኛለች። ደብረ ብርሃን ላይ ጅቡቲ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ከባድ መኪና፣ ኮንቴይነርና የሹፌሮች ወሬ ነው። ከዚያ የሙቀቱ ነገር ይነሳል። በሐምሌ ለሄደ ሰው ሙቀቱ እውነት ነው፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ በዚህ አልከራከርም። እኛ ግን የሄድነው በጥር ነው። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና እናታችን። አራት ቀን ቆየን። እናቴ በሰባ አንድ ዓመቷ ባሕር አየች፣ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳት ጉልበቷም እነዚያን ቀናት ዝም አለላት።

ጠያቂ ስለበዛ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም አንድ ላይ ልጻፈው።

ፍርዴን ላስቀድም። በፎቶ እንደምናየው ከሆቴሉ በር ጀምሮ ነጭ አሸዋ የተዘረጋበት ባሕር ዳርቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ጅቡቲ ከተማ እሱን አትሰጣችሁም። ወደብ ናት። ከተማው ውስጥ ያለው ዳርቻ ንጽሕናው የሚያስመሰግን አይደለም፣ ኑሮውም ውድ ነው። ግን እንደኛ ካለ ብርዳም ከተማ ለሚነሳ፣ ሥራ ላደከመው፣ ሦስት አራት ቀን ብቻ ለተፈቀደለት፣ ረጅም በረራ ለማይችል ሽማግሌ ወይም ባልቴት ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ባሕር የለም። ወሩን መርጣችሁ፣ ዕቅዱን አሳንሳችሁ ከሄዳችሁ በደንብ ታርፋላችሁ። እኔ አርፌያለሁ።

ወሩ ከሁሉም ይቀድማል። የጅቡቲ ደህናው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ቀን ላይ ከ25 እስከ 29 ዲግሪ ይሆናል፣ ማታ ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። እኛ ጋ ውርጭ ወርዶ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት የሚፋቅበት፣ ልጆች ፀሐይ እስኪወጣ ከብርድ ልብስ የማይወጡበት ጊዜ ማለት ነው። ግን ጿሚ ቤተሰብ ካላችሁ ቀን መቁጠሪያውን ደግማችሁ እዩት። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው፣ እናቴ ደግሞ በጾም አሳ አፏ አታደርስም። ባሕር ዳር አራት ቀን ተቀምጣ አሳ ሳትበላ እንድትመለስ አልፈለግኩም። ጥምቀትን ሳያከብሩ መሄድም ቤታችን ውስጥ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ጥምቀት አልፎ ጾመ ነነዌ ሳይገባ ያለችውን ቀዳዳ ያዝን። ረመዳን መቼ እንደሚገባም አስቀድማችሁ እዩ፣ በጾሙ ወር ቀን ላይ ምግብ ቤት ክፍት ማግኘት ይከብዳል፣ የከተማውም የቀን ኑሮ ሌላ ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ አንድ ነገር። ጅቡቲ የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። እኛ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ስለሄድን ዳርቻው ለብቻችን የተተወልን ያህል ነበር። ዓርብ ብንደርስ ኖሮ ባንክም ዝግ፣ ዳርቻውም ቤተሰብ የሞላበት ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን ለአንድ አዲስ አበባ ላለ የጉዞ ወኪል ልንሰጠው ነበር። ስሙን አልጠራም። የላከልን ዕቅድ ግን አሁንም ስልኬ ላይ አለ። በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት፣ አንድ ቀን ሐይቅ፣ አንድ ቀን ደሴት፣ አንድ ቀን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በመሃል ደግሞ የገበያ ጉብኝት። ቁጭ የሚባልበት ሰዓት የለውም። ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ልረፍ ነው የምሄደው» አለች። በቃ። ቀነስ አድርጉልን ስንላቸው ዋጋው ያው ነው አሉን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ብንቀር አይመለስም ተባልን። ተውነው። ትኬቱን በራሳችን ቆረጥን፣ ቪዛውን በኢንተርኔት አወጣን፣ ከአራቱ ቀን አንዱን ብቻ ለሩቅ ጉዞ መደብን። ሌላውን ባዶ ተውነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር የምትወስዱ ከሆነ ይቺን ውሰዱ፣ ቀኑን አትሙሉት።

ገንዘቡን በተመለከተ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ለብዙ ዓመት የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ። ስለዚህ አንድ ሺህ ፍራንክ ሲሏችሁ አምስት ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ገደማ ብላችሁ አስቡ። እናቴ ቁጥሩን እየሰማች በብር እየመሰላት ርካሽ ነው ስትል ነበር፣ በኋላ ነው ያስረዳኋት። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ስትሄዱ የመንገድ ዶላር ይሸጡላችኋል፣ ግን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። እዚያ ገበያው አካባቢ መንገድ ዳር ተቀምጠው ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች አሉ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ረጋ ብለው፣ ቆጥረው ይሰጣሉ። እናቴ ከሁሉም እነሱን ወደደቻቸው።

ኑሮው ለምን ውድ እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል። አገሩ ደረቅ ነው፣ የሚበቅል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መብራቱ በብዛት ከእኛ አገር በመስመር የሚሄድ ነው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የሚጠጣው ውሃም ከፊሉ ከእኛ ከርሰ ምድር ተስቦ በቧንቧ ይገባል። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ጫቱም ከዚሁ ነው የሚሄደው። ይሄን ስነግራት እማዬ «እንግዲያማ ቤታችን ነው ያለነው» ብላ ተዝናንታ ተቀመጠች።

መንገዱ ቀላል ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ አክስታችን ቤት አድረን ጠዋት አውሮፕላን ተሳፈርን። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሻይ ሳይጠጣ ያርፋል። አምቡሊ የሚባለው አየር ማረፊያ ከከተማው ጋር የተያያዘ ያህል ቅርብ ስለሆነ በታክሲ ብዙ አትጓዙም። ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው፣ ዋጋ ሳትስማሙ አትግቡ። የእኛ ከተማ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ተነስቶ በግማሽ ቀን ባሕር ወለል ላይ መድረስ ለሰውነት ትልቅ ለውጥ ነው። እማዬ የግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ሐኪሟን አስቀድመን አማከርን፣ ውሃ በደንብ እንድትጠጣና በቀትር ፀሐይ እንዳትወጣ ነገራት። ምክሩን ጠበቅን፣ ምንም አልሆነችም። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስትወርድ ያ ሞቅ ያለ አየር ፊቷን ሲነካት ቆም አለችና «እሰይ!» አለች። ጋቢዋን ያኔ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው፣ እስክንመለስ አላወጣችውም።

ወንድሜ በባቡር ካልሄድን ብሎ ነበር። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከለቡ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ዳር ያለው ናጋድ ጣቢያ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጊዜ ላለው ወጣት ደስ የሚል ጉዞ ነው። ለአራት ቀን ዕረፍት ግን መሄጃና መምጫው ቀኑን ይበላዋል፣ ለእናቴ ጉልበትም ያን ሁሉ ሰዓት መቀመጥ አይሆንም።

አሁን ወደማያስደስተው ልምጣ። በኢንተርኔት የያዝነው የመጀመሪያው ማረፊያ አሳዝኖናል። «የባሕር እይታ ያለው» ተብሎ ነበር የተጻፈው። መስኮቱን ስንከፍት የሚታየው የኮንቴይነር ክምርና የክሬን አንገት ነው፣ ባሕሩ በመሃሉ እንደ ክር ትታያለች። እሱ ይሁን። ማቀዝቀዣው ግን ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ አልጋው ላይ ያንጠባጥብ ነበር፣ ስናጠፋው ደግሞ ክፍሉ ይታፈናል። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለም። እናቴ ለእኛ ብላ አልተናገረችም፣ ደረጃው ላይ እጇን ግድግዳው ላይ እየደገፈች ስትወጣ ሳያት ግን አንጀቴ ተላወሰ። ጠዋት ለእንግዳ ተቀባዩ ነገርነው፣ ክፍል የለም አለን። የአንድ ሌሊቱን ትተን ወጣን። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሌሊት ገንዘብ ለማስመለስ ደግሞ ከተመለስን በኋላም ስንጻጻፍ ከረምን።

ሁለተኛው ማረፊያ ኤሮን በሚባለው ሰፈር ያለ የቤተሰብ ቤት ነው፣ ጥቂት ክፍል ያለው። ምድር ቤት፣ ጸጥ ያለ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው ዛፍ። ባሕሩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ባለቤትየዋ ድሬዳዋ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከእኛ ይበልጣል። እናቴን ገና ስታያት «ማዘር፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ፀሐይ እንዳይመታዎት» ብላ ወንበር አመጣችላት። ጠዋት ቡና አፍልታ ትጠራታለች። ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ የትም ብንሄድ እማዬን ትተናት ለመሄድ አልሰጋንም። ክፍል ስትይዙ ስለ እይታ ከመጠየቃችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው። ይሄ ከባሕር እይታ ይበልጣል።

የከተማው ሰዓት ለዕረፍት የተሠራ ይመስላል። ቆጠራቸው በፈረንጅ ነው እንጂ ሰዓቱ ከእኛው ጋር እኩል ነው። ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ጫቱ ከእኛ አገር ይገባል፣ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ይተራመስና ከዚያ ጭር ይላል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሁሉም ከጥላ ሥር ነው። መጀመሪያ ቀን ይሄን ስላላወቅን በቀትር ሲም ካርድ ፍለጋ ስንዞር ዋልን። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን እኛም እንደነሱ ሆንን። ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ቀን ላይ ሦስት ሰዓት የተኛሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ስነሳ ስልኬን እንኳ አልፈለግኩትም።

ባሕሩን ያየንበት የመጀመሪያው ቀን ግን ሊያስከፋን ነበር። እማዬን ይዘን በከተማው ውስጥ ሲየስታ ወደሚባለው ዳርቻ ሄድን። ባሕሩ የለም! ሸሽቶ ሄዷል። ያለው እርጥብ ጭቃ፣ እዚህም እዚያም የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የምታብረቀርቅ ቀጭን መስመር። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «ይሄው ነው?» አለች። ምን ልበላት? አጠገባችን ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፣ አንዱ በአማርኛ «ማታ ይመለሳል እትዬ» አላት። እውነቱን ነው። በቀን ሁለቴ ባሕሩ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ይገፋል። ወደ ዳርቻ ከመውጣታችሁ በፊት ያረፋችሁበት ቤት ያለ ሰው ጠይቁ፣ ወይ ስልክ ላይ እዩ። ይሄን አንድም ሰው አልነገረንም ነበር።

በማግስቱ ሰዓቱን ጠይቀን፣ ከከተማው በምዕራብ ወጣ ብሎ ኮር አምባዶ የሚባል ዳርቻ በመኪና ሄድን። ይሄ ሌላ ነው። ሁለት ጠቆር ያሉ ኮረብቶች መሃል ያለ ወሽመጥ፣ ውሃው ጥርት ያለ አረንጓዴ፣ ሰው ከእኛ ሌላ ምናልባት አምስት። እማዬ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ አንድ እጇን ለእኔ፣ አንዱን ለወንድሜ ሰጥታ ገባች። የመጀመሪያዋ ሞገድ ቁርጭምጭሚቷን ስትመታት ወደ ኋላ አለች፣ «ኧረ በሥላሴ፣ ይገፋል እኮ!»። ከዚያ ጉልበቷ ድረስ ገባች። አማተበች። በእጇ ዘግና ቀመሰችና «እውነትም ጨው ነው» አለች፣ እስከዚያ ድረስ ያላመነችን ይመስል። ከዚያ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ከውሃው ውስጥ አልወጣም ብላ ግማሽ ሰዓት ቆመች፣ እኔ እጇን ይዤ ውሃው በእግራችን መሃል ሲሄድ ሲመጣ አያለሁ፣ ወንድሜ ፎቶ ማንሳቱን ትቶ አጠገባችን ቆሟል፣ ለዚያ ቀን ሌላ ዕቅድ ስለሌለን ደግሞ የሚያጣድፈን አልነበረም።

ጫማ ግን ያዙ። ሥሩ ድንጋይና ስለታም ዛጎል አለው፣ በእሾህ የተሸፈኑ ትንንሽ ክብ ፍጥረቶችም አሉ፣ እነሱን የረገጠ ይሰቃያል። የላስቲክ ጫማ ይበቃል። እናቴ በባዶ እግሯ ስለገባች እያንዳንዱን እርምጃ እየመረጥንላት ነበር። አለባበስን በተመለከተ አገሩ የእስልምና አገር ነው፣ ሴቶች ከተማ አካባቢ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የሚዋኙት። እኔ በረጅም ቲሸርትና ሱሪ ገባሁ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

አሳው ላይ ልቆይ፣ ይገባዋልና። የመናውያን የሚሠሩት ነው፣ ከተማው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ብዙ አሉ። ቤቱ ሲታይ ምንም የለውም፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ። መጀመሪያ አሳውን ታያላችሁ፣ የቀኑን ትመርጣላችሁ። ከዚያ ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፣ በቀይ በርበሬና በቅመም ይቀቡታል፣ ወደ ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ያወርዱታል። ውስጡ እንደ ጉድጓድ ነው፣ እሳቱ ከታች ይንቀለቀላል። ሲወጣ ላዩ ጠቁሯል፣ ውስጡ ነጭና ጭማቂ ነው። ከዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የበሰለ፣ ትሪ የሚያክል ስስ ቂጣ ይመጣል። ሹካ የለም፣ በእጅ ነው። እናቴ እጇን ታጥባ እንደ ቤቷ ተቀመጠች፣ መጀመሪያ ለወንድሜ አጎረሰችው፣ ቀጥላ ለእኔ፣ ከዚያ አስተናጋጁን ልታጎርሰው ስትል እየሳቀ አጎንብሶ ተቀበላት።

ከአሳው ጋር ሌላም ነገር አለ። ያንኑ ቂጣ ቆራርሰው ከሙዝና ከማር ጋር አሽተው በሳህን ያመጣሉ። ጣፋጭ ነው፣ ከአሳው በርበሬ በኋላ አፍን ያበርዳል። እማዬ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይሄማ ጨጨብሳ ነው፣ ቅቤው ብቻ ነው የቀረው» አለች። ለሦስታችን አንድ ትልቅ አሳ በቅቶ ተረፈ። እሷ ከቤት ውጭ የሥጋ ነገር ላይ ትጠነቀቃለች፣ ስለዚህ አሳው ከብዙ ሐሳብ ገላገለን። እንጀራ ሲያምራት ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት በሽ ነው፣ ሽሮው ደህና ነበር፣ እንጀራው ግን ትንሽ ይኮመጥጣል። በሦስት ቀን ሁለቴ አሳ ቤቱ ተመለስን። ስሙን የማልጽፈው አንዱን ከሌላው ማበላለጥ ስለማልችል ነው፣ ምድጃው ፊት ለፊት የሚታይ፣ ሹፌርና የቢሮ ሠራተኛ እኩል የተሰለፈበትን ቤት ምረጡ፣ ከዚያ አትሳሳቱም።

አንድ ማታ ወደ ምኒልክ አደባባይ ሄድን። አዎ፣ ምኒልክ። ሕጋዊ ስሙ የነጻነት ቀናቸው ነው፣ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ይባላል፣ ሰው ግን አሁንም ፕላስ ምኒልክ ነው የሚለው። ነጫጭ ባለ ቅስት አሮጌ ሕንፃዎች ከበውታል፣ ከቅስቶቹ ሥር ካፌ አለ። ቁጭ ብለን ሻይ አዘዝን። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ ከቤታችን ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በጫጫ በኩል፣ በየሳምንቱ የማልፍበት መንገድ። የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው ከዚሁ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ። እናቴ ይሄን ስነግራት አደባባዩን ዞር ዞር ብላ አየችና «የአገሬ ልጅ» አለች። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰሟት፣ በተሰባበረ አማርኛ «ከሸዋ ናችሁ?» አሉና ሻያችንን ከፈሉ። አይሆንም ብንል እምቢ አሉን።

የመደብነው አንድ ሩቅ ጉዞ አሳል ሐይቅ ነበር። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ጎህ ሳይቀድ ብትወጡ ይሻላል፣ ምክንያቱም እዚያ አንድም ጥላ የለም፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ መቆም አይቻልም። መንገዱ በከፊል ወደ እኛ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የሚሄዱበት ስለሆነ ቀስ የሚል ሹፌር ምረጡ፣ የእኛን ባለቤትየዋ ናት ያመጣችልን። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጉቤት የሚባለው ሰማያዊ ወሽመጥ ከታች ይታያል፣ ከዚያ መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ቦታ። ዳሩ በሙሉ ነጭ ጨው ነው። እኛ ውርጭ እናውቃለን፣ ጠዋት ሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን፣ ይሄ ግን የሚያቃጥል ነጭ ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው፣ ወንድሜ ገባና ሳይዋኝ ተንሳፈፈ። እግራችሁ ላይ ጭረት ካለ ታለቅሳላችሁ። መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ።

እናቴ ከመኪናው ብዙ አልራቀችም። ዝቅ ብላ አንድ የጨው አለሎ አነሳችና በመዳፏ መዘነችው። ያደገችው ከአንኮበር ሥር ነው። እናቷ አልዩ አምባ ገበያ ወርደው ከቆላ በግመል የመጣ ጨው ይገዙ እንደነበር ነገረችን፣ ልጅ ሆና አብራ ወርዳ ግመሎቹን ትፈራ እንደነበርም። የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ሐይቅ ጨው ጭነው ለሳምንታት ተጉዘው ሸዋ ይገቡ ነበር፣ ይሄ በጊዜው ባለፉ መንገደኞች የተጻፈ ነው። ስለዚህ ምን አልባት እናቷ ቤት ወጥ ውስጥ የገባው ጨው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። እማዬ አለሎውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እዚያ ቆመው የሚሸጡ ልጆችም አሉ፣ ከእነሱ ሁለት ገዛን።

ያልሄድንባቸው ብዙ ናቸው፣ አልተቆጨሁም። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች በጀልባ ቅርብ ናቸው፣ ለዋናተኛ ጥሩ ነው ይላሉ። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ በሚባለው ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ የሚሉት ግዙፍ አሳ ይመጣል፣ ሰው አይነካም፣ አብሮት ይዋኛል። ወንድሜ ዓይኑ እዚያ ቀርቷል። የእኔ ልብ የቀረው ታጁራ ላይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለች ትንሽ ነጭ ከተማ ናት፣ በመርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የአንኮበር የባሕር በር እሷ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነስቶ ነው አንኮበር የወጣው፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋርም ውል ተፈራርሟል። እኛ በአንድ ሰዓት የበረርነውን መንገድ ያኔ ግመል ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። አጠገቧ ደግሞ ነጭ አሸዋ ያለው እውነተኛ ዳርቻ አለ። መርከቡ ግን በየቀኑ ስለማይሄድ ለአራት ቀን ዕቅድ አልገጠመልንም፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ማደር ይጠይቃል።

እንግዲህ ለማን እንደሚሆን። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ መጫወቻና መዋኛ ገንዳ ለምትፈልጉ ከተማው ብዙ የለውም፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ጋ ካልሆነ። የሌሊት ጭፈራ ለሚፈልግም አልመክርም። ከብርድ ሸሽቶ፣ አሳ በልቶ፣ ቀን ተኝቶ፣ ማታ በባሕር ነፋስ መሄድ ለሚበቃው ሰው ግን ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዋጋውና ለዳርቻው ቆሻሻ ነው። ያ የመጀመሪያ ማረፊያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሁለት አልሰጠውም ነበር።

ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ፣ ሐሙስ ረፋድ ደብረ ብርሃን ገባን። ሸኖ ጋ ስንደርስ ጋቢው ወጣ። የጨው አለሎው አሁን ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፣ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ሁሉ እያነሳ ይመዝነዋል። ለሚመጣው ጥር ታጁራ ሁለት ሌሊት ብለን ቀጠሮ ይዘናል። እማዬ ባለፈው ገበያ ወጥታ ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ ከሽንኩርቱ ሥር አዲስ የላስቲክ ጫማ አየሁ። የማን ነው ስላት «የእኔ ነዋ፣ ለባሕሩ» አለችኝ።